ባሕር ዳር ላለው ወዳጄ፦ የኮምፒውተርህን ሙቀትና ጩኸት ስለመቀነስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? አባባስ ጤናቸው እንዴት ነው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምት ከበጋ እየተፈራረቀ ሳንጻጻፍ ብዙ ቆየን፤ የናፍቆቱን ነገር ስንገናኝ እንጨዋወተዋለን። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የአባባን ቅኔ በድምፅ መቅዳት መጀመርህን፣ ኮምፒውተሩ ግን እየጮኸ ቅጂውን እያበላሸብህ መሆኑን መስማቴ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በፋን (በማቀዝቀዣው ማራገቢያ) ጩኸት ሊቆም አይገባም።

አዲስ ፋን ለመግዛት አትቸኩል። ፋን የሚጮኸው ሙቀቱን ለማስወጣት ፍጥነት ሲጨምር ነው፤ የሚያስጮኸውን ሙቀት ካቀለልክለት ራሱ ረጋ ይላል። ፍጥነቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ድምፁ 5 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ በግማሽ ሲቀንስ 15 ገደማ። 10 ዴሲቤል መውረድ ደግሞ ለጆሮ ጩኸቱ የተጋመሰ ያህል ነው። ስለዚህ ጥቂት ፍጥነት መቀነስ ብዙ ዝምታ ይሰጥሃል።

የከተማችሁንም ጠባይ አስብ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቤቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩም (የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ቺፕ) በዚያው ልክ ይሞቃል። ጠረፍ ላይ ያሉ ሰዎች ከሚጽፉት ቁጥር የአንተ ጥቂት ዲግሪ ቢበልጥ አትደንግጥ።

ከሁሉ አስቀድመህ ጩኸቱ የማን እንደሆነ ለይ። ማታ ቤቱ ጭር ሲል የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ጎን ክፈትና፣ እየሠራ ሳለ የእያንዳንዱን ፋን እምብርት (መሐሉን እንጂ ቅጠሉን አይደለም) በጣትህ ጫፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ያዝ አድርግ። ጩኸቱ ከቆመ የምትፈልገው እሱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ (መብራት የሚቀበለው ሳጥን) ውስጥ ግን ጣትም ካቻቢቴም አይግባ። ስታቢላይዘሩንም ጠርጥር፤ ትራንስፎርመሩ በ100 ኸርዝ እምም ይላል፣ ሪሌው (በውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ) ደግሞ ቮልቴጅ በወረደና በወጣ ቁጥር ቀጭ ይላል። ያንን የኮምፒውተር ጽዳት አያስቆመውም፤ ከጠረጴዛው አርቀህ ሌላ ጥግ አስቀምጠው።

ለቅጂው ከሁሉ የከፋው ግን ሃርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7,200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ዙር ነው፤ ንዝረቱም 120 ኸርዝ ላይ ያርፋል። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ ስለሆነ ያ እምምታ በትክክል የአባባ ድምፅ ላይ ይቀመጣል፤ በኋላ በሶፍትዌር ላጥፋው ስትል ድምፃቸውንም ይዘህ ትቆርጣለህ። የፋን ሽውታ ብዙ ቦታ የተበተነ በመሆኑ ከዚህ ይልቅ በመጠኑ ይጸዳል። ገንዘብ የምታወጣበት ነገር ካለ ይህ ይሁን፦ ዊንዶውሱንና የምትቀዳበትን ፋይል ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ላይ አድርግ፤ አሮጌውን ዲስክ አውጥተህ በዩኤስቢ ማስቀመጫ ለመጠባበቂያ ብቻ ተጠቀምበት፣ ስትቀዳ ንቀለው። ለጊዜው ግን ከብስክሌት ከመነዳሪ ትንንሽ ቁራጭ ቆርጠህ በዲስኩና በኬዙ ብረት መሐል አስገባ፤ ብረት ከብረት ካልተነካካ ንዝረቱ ወደ ኬዙ ብዙም አይተላለፍም።

ቀጥሎ ለካ። ኤችደብልዩ ኢንፎ (HWiNFO) የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንና ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ 10 ደቂቃ፣ ከዚያም ቪዲዮ ኤክስፖርት እያደረገ 15 ደቂቃ ሲቆይ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የፋኑን ዙር ወረቀት ላይ ጻፍ። ሥራ ሲፈታ ከ35 እስከ 50፣ ሲጫንበት እስከ 80 ዲግሪ መልካም ነው። 90 ካለፈ አየር ታፍኗል ወይም ፔስቱ (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቋል። የአንተ አይነቱ ኢንቴል አይ5-6500 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል።

ለጽዳቱ ገመዱን ንቀልና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫን፤ የቀረው ኃይል ይውጣ። በረንዳ ላይ አውጣውና በአዲስ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ አራግፈው። አየር ስትነፋበት ቅጠሉን በጣት ያዝ፤ ዝም ብሎ በኃይል ከተሽከረከረ ቦሎቹ (የሚዞርበት ኩሽኔታ) ይጎዳሉ። ጎሚስታ ቤት ወስደህ ግን አታስነፋው። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ውስጥ ውሃና ዘይት ይጠራቀማል፣ ከአየሩ ጋር አብሮ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ይረጫል። የሚያሳስበው አቧራ ከውጭ አይታይም፦ ፋኑን ከሂትሲንኩ (ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ከሚስበው ብረት) ላይ ስታነሳው ከሥሩ ከአሉሚኒየሙ ቅጠሎች ላይ እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረውን ታገኘዋለህ። ማታ መብራት አይተው ከሐይቁ በኩል የሚገቡት ጥቃቅን ነፍሳትም እዚያው ተጣብቀው ይደርቃሉ።

ፔስቱን 4 ግራም በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ። ከማንሳትህ በፊት ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ አሠራው፤ የሞቀ ፔስት ይለቃል። ከዚያ አጥፍተህ፣ ገመዱን ነቅለህ፣ አራቱን ብሎኖች በሰያፍ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት አላላ። አሮጌውን ፔስት በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረግ፤ ከፋርማሲ የሚገኘው 70 በመቶው ይበቃል፣ ነገር ግን ውሃ ስላለው እስኪደርቅ ጠብቅ። ከአተር ፍሬ ያነሰች ጠብታ መሐል ላይ አድርግ፤ በጣት አትቀባው፣ ሂትሲንኩ ራሱ ይጨፈልቀዋል። ሲበዛ አያቀዘቅዝም፣ በጎን ይፈሳል እንጂ። ስታስርም በሰያፍ እሰር። የጎረቤትህን ኮምፒውተር እንዲሁ እሠራለሁ ካልክ ሁለት ነገር ያዝ፦ በፕላስቲክ እግር የሚገባው የኢንቴል ሂትሲንክ አራቱም እግሮች ቀጭ ብለው ከማዘርቦርዱ ጀርባ መውጣታቸውን እይ፤ አንዱ ካልገባ ሙቀቱ ወዲያው ይንራል። ፒኖቹ (ቀጫጭን የብረት እግሮቹ) በራሱ በፕሮሰሰሩ ላይ ያሉበት ኤኤምዲ ከሆነ ደግሞ ሂትሲንኩን ቀጥ አድርገህ አትሳበው፣ ቀስ ብለህ አዟዙረህ አላቀው፤ አለዚያ ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ ይወጣና ፒኖቹ ይጎብጣሉ።

ምንም የማያስወጣ ሌላ መላ አለ። በዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርደው። ይህ ተርቦውን (ለጊዜው የሚጨምረውን ተጨማሪ ፍጥነት) ያጠፋል፤ ከ3.6 ጊጋኸርዝ ወደ 3.2 ይወርዳል። ቮልቴጁም አብሮ ስለሚወርድ ሙቀቱ ከፍጥነቱ በላይ ይቀንሳል። ድምፅ ለመቅዳት ያ ልዩነት አይታወቅም። የፋኑን አዙሪት ከባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚከፈተው ማስተካከያ) ማስተካከል የሚቻለው በሌሎች ማዘርቦርዶች ነው፤ እንደ አንተ ያሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ አይፈቅዱም።

አቀማመጡንም አስተካክል። ከጠረጴዛው ሳጥን ውስጥ አውጣው፤ ከጀርባው 15 ሳንቲሜትር ክፍት ይሁን፣ ከምንጣፍም ከፍ ይበል። በጀርባው ተንጠልጥሎ የአየሩን መውጫ የሚሸፍነው ዳንቴል ይነሳ። ጎኑንም ከፍተህ አትተወው፤ አየሩ ከፊት ገብቶ በፕሮሰሰሩ ላይ እንዲያልፍ ነው የተሠራው። ጧፍ ለኩሰህ እፍ በልና ጭሱን ከፊቱ ያዝ፦ ወደ ውስጥ ከተሳበ መንገዱ ደህና ነው። ለነፍሳቱ ፊቱን በስስ ስቶኪንግ ሸፍን፤ በሁለት ሳምንት አንዴ እጠበው፣ የቆሸሸ ማጣሪያ ከሌለ ማጣሪያ የባሰ ነው። ማይክሮፎኑን ደግሞ ከአባባ አፍ ወደ 20 ሳንቲሜትር አቅርበው፣ ኮምፒውተሩን አርቅ፤ የዩኤስቢ ገመድ እስከ 5 ሜትር ይሠራል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ፋኑ አሁንም ከተንኳኳ ቦሉ አልቋል። ከመግዛትህ በፊት በአንድ ጎን ባሉት በሁለቱ ብሎን ቀዳዳዎች መሐል ያለውን ርቀት ለካ፦ 105 ሚሊሜትር ከሆነ ፋኑ የ120 ነው፣ 82.5 ከሆነ የ92፣ 71.5 ከሆነ የ80። የመሰኪያውን ፒኖችም ቁጠር፤ የቢሮ ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ 5 አላቸው፣ ተራው ባለ 4 ፒን አይገጥምላቸውም። ልኩን፣ የፒኑን ብዛትና በፊትና በኋላ የጻፍከውን ሙቀት ላክልኝ፤ የሚስማማውን እዚህ እፈልግልሃለሁ። አባባን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ወንድምህ