ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ዓይንዎና ስለ ሰርቨሩ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሒሳብ እንደ እርስዎ በቃሏ ነው የምትሠራው። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውሮታል። «አያቴ ሲመጡ አዲሱን ያያሉ» ይላል።

ይህን የሚያነብልዎ ወንድሜ እንደሆነ አውቃለሁ። የቀኙ ዓይን ሞራው ቢወጣለትም ፊደል ለመለየት ገና ነው ብሎኛል። ስለ ግራው በስልክ ጠይቄዎት ወሬ ቀየሩብኝ። እሱን እመለስበታለሁ። አሁን ለሱቁ ሊገዙት ስላሰቡት ሰርቨር፣ የሱቁን ኮምፒውተሮች ስለሚያገለግለው ዋና ኮምፒውተር፣ ሻጩ ስለሰጠው ፕሮፎርማ ልናገር፤ ሻጩ እስከ ዓርብ ቀብድ ይፈልጋል ተብያለሁና። እባክዎን ቀብድ አይስጡ።

ወንድሜ በቴሌግራም የላከውን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። አራት መስመር ነው፦ ያገለገለ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር የራክ ሰርቨር (እንደ መሳቢያ በብረት መደርደሪያ የሚገባው)፣ «አክቲቬት የተደረገ» ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር2፣ የሱቅ ፕሮግራም፣ ገጠማ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው ዩፒኤስ የለም፤ የመጠባበቂያ ግልባጭ የሚያዝበት የባክአፕ ዲስክም የለም።

የሚጀመረው ከፕሮግራሙ ነው፤ ሰርቨሩ የሚመረጠው ለእሱ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የምትሠራው በፒችትሪ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ግን የምትሠራበት ብቻዋን ስለሆነ በራሷ ኮምፒውተር ላይ ይቆይ፣ ማታ ማታ ግልባጩ ብቻ ወደ ሰርቨሩ ይሂድ። አብሯት የሚከፍተው ሰው ቢመጣ ነው ፋይሉ የጋራ የዊንዶውስ ማሽን የሚፈልገው። የዕቃና የዱቤ ፕሮግራሙ ግን በብሮውዘር የሚከፈት ነው፣ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዙም ፖስትግሬስ የሚባለው መሆኑን ሻጩ ራሱ ጽፎታል። ይህ በዊንዶውስ ፈንታ በሚጫነው በሊኑክስ ላይ ያለ አንድ ሳንቲም የፈቃድ ክፍያ ይሠራል። ስለዚህ ዊንዶውስ ሰርቨር ለእርስዎ ሱቅ አያስፈልግም።

ቢያስፈልግ እንኳ በሕጋዊ መንገድ ሲገዛ ዋጋው ቀላል አይደለም። ስታንዳርድ የሚባለው እትም የሚሸጠው በፕሮሰሰር ኮር ቁጥር ነው፤ ማሽኑ 4 ኮር ብቻ ቢኖረው ቢያንስ የ16 ኮር ፈቃድ ይገዛል። በዚያ ላይ ለሚገባበት ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ኮምፒውተር ካል የሚባል ፈቃድ አለ። ኢሴንሽያልስ የሚባለው እስከ 25 ተጠቃሚና 50 መሣሪያ ያለ ካል ይፈቅዳል፣ እሱ ግን አምራቹ አዲስ ማሽን ላይ ጭኖት ነው የሚመጣው። ፕሮፎርማው ላይ ያለው «አክቲቬት የተደረገ» ብዙ ጊዜ ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይገዛ ቁልፉ የተሰበረ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ክራክ አብዛኛውን ጊዜ ሲጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ የሚገባው በዚችው በር ነው። 2012 አር2 ደግሞ መደበኛው የደህንነት ማስተካከያ የቆመለት መስከረም 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የዱቤ መዝገብዎን በዚያ ላይ አላሳድርም።

የምመክርዎ ከሊኑክስ ዓይነቶች ደቢያን ወይም የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትም ነው። ደቢያን 13 የወጣው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው፤ መደበኛውና ረጅሙ ድጋፍ ተደምሮ 5 ዓመት ይሄዳል። ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ነው። ሴንትኦኤስ 8 የሚባለው ሊኑክስ ይሁን የሚልዎ ካለ እንቢ ይበሉ፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይደገፋል ተብሎ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተቋረጠ ነው። ሊኑክስ የሚያውቅ ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ ከፖሊ ቴክኒኩ ከወጡት አይጠፋም። ሰርቨሩን ዘወትር የሚያይ ልጅ ግን ይኑር፤ ሊኑክስ ነክቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ከሆነ ያለዎት ምክሬ ይለወጣል።

ማሽኑን በተመለከተ፣ የራክ ሰርቨር ለሱቅ አይሆንም። ጩኸቱ ባንኮኒው ድረስ ይሰማል። አሮጌ ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ ሲቆም እንኳ 150 ዋት ግድም ይበላል፤ ያ በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ትንሽ ቆሞ የሚቀመጥ ታወር ሰርቨር 40 ዋት ቢፈጅ ወርሃዊው 29 ብቻ ነው። የአሮጌው ዲስክና የዲስክ ካርድም ሲበላሽ እዚያው ገበያ አይገኝም፤ የታወሩ ዲስክ ግን የትም አለ። ለአምስት ኮምፒውተር 16 ጊጋባይት ባለ ኢሲሲ (ስህተቱን ራሱ የሚያርም) ሜሞሪ ይበቃል። ዲስኩ ሁለት ባለ 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይሁን፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ይሥራ፤ አንዱ ሲሞት ሱቁ አይቆምም። ሲገዛ መብራት ድንገት ሲጠፋ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስ ዓይነት መሆኑ ይጠየቅ። ርካሹ ይህ የለውም፣ የሚጎዳውም የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች ነው።

ሰርቨሩ የኋላ ክፍል አይቀመጥ። የሲሚንቶ ብናኝ ማራገቢያው ውስጥ ይገባል፤ ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ደግሞ ይጠጥርና በጣት የማይፋቅ ቅርፊት ይሆናል። ያኔ ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ሰውም «ፕሮግራሙ ነው» ይላል። ላይኛዋ ትንሽ ክፍል ትሻላለች፤ መደርደሪያ ላይ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ክረምት ቆርቆሮው ከሚያፈስበት ጥግ ርቆ። በየሦስት ወሩ ተከፍቶ በአየር ይጽዳ።

ዩፒኤሱ 1000 ቪኤ ቢሆን ይበቃል። ቪኤ ዋት አይደለም፤ ርካሾቹ ላይ 1000 ቪኤ የሚሰጠው 600 ዋት ግድም ነው። ለሰርቨሩ፣ ኮምፒውተሮቹን በኬብል ለሚያያይዘው ስዊችና ለራውተሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይይዛል። ዋናው ነገር የዩኤስቢ ገመዱ ነው። ብዙ ቦታ ገመዱ ከካርቶኑ ሳይወጣ ይቀርና ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ እንደ አምፖል ድርግም ይላል። ገመዱ ተሰክቶ ኤንዩቲ የሚባለው ፕሮግራም ከተጫነ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ሌዘር ፕሪንተሩን እዚያ ላይ እንዳይሰኩት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ጄኔሬተሩም በቀጥታ ሰርቨሩን አያግኘው፣ በዩፒኤሱ በኩል ይለፍ። ባትሪው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ ሙቀት ያሳጥረዋል፣ የባሕር ዳር መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ያውቁታል።

የእህትዎ ልጅ «ሁሉን ክላውድ ላይ አድርጉት»፣ ማለትም በኢንተርኔት በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ይቀመጥ ማለቱን ሰምቻለሁ። ነገሩ ቀላል ቢሆን እስማማ ነበር። የውጭው በየወሩ በዶላር ነው የሚከፈለው፤ መስመር ሲቋረጥ ደግሞ ሱቁ ይዘጋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ዳታ ጠፍቶ ለወራት ሳይመለስ መቅረቱን እዚያው ሆነው አይተውታል። ሰርቨሩ ቤት ውስጥ ከሆነና ኮምፒውተሮቹ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊች ላይ በኬብል ከተያያዙ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ሽያጩ ይሄዳል። የአባይ ማዶው መጋዘን ብቻ ነው መስመር የሚፈልገው። እሱ በኢንተርኔት ላይ የተቆለፈ መስመር በሚሠራው ፕሮግራም በዋየርጋርድ ይገናኝ፤ ሲቋረጥ ቁጥር በታተመበት የዕቃ ማውጫ ይጻፍና መስመሩ ሲመለስ በቁጥሩ ተራ ይግባ። ተራው ከተዘለለ የፌሮው ቆጠራ አይገጥምም።

አሁን ሻጩ አንዲት ቃል ወዳላነሣው ነገር ልምጣ፤ ስሞቹ። ወንድሜ ያስገባው የዱቤ ዝርዝር በአሮጌው ፓወር ግዕዝ ነው የተጻፈው። ያ ፊደል ዩኒኮድ (የየቋንቋው ፊደል የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ስላልሆነ እንዳለ ወደ ዳታቤዙ ቢገለበጥ የማይነበብ የፈረንጅ ምልክት ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፣ ዳታቤዙም ሲፈጠር ዩኒኮድ በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 ይፈጠር። ዳታቤዙ ውስጥ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ከተቀመጠ ስሙ ጠፍቷል፤ በኋላ የሚመልሰው የለም። ከዚህ የሚብሰው ግን የፊደላችን ጉዳይ ነው። አንዱ ኃይሉ ብሎ ያስገባውን ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሐይሉ ብሎ ይፈልገዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ሰውየው በአንዱ ከፍሎ በሌላው ባለ ዕዳ ሆኖ ይቀራል፣ ጠቡም ባንኮኒው ላይ ነው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ፤ ሰ እና ሠ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ፤ ጸ እና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ይደረግ፤ ደንበኛውም በስልክ ቁጥሩ ይለይ። ሻጩ ይህን እፊትዎ ሠርቶ ያሳይ። ካላሳየ ፕሮግራሙን አይግዙ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በውስጥ በፈረንጅ ይቀመጥ፣ ለእርስዎ በእኛ ይታይ። ጳጉሜን የማይቀበል ፕሮግራም የአምስቱን ቀን ሽያጭ መስከረም 1 ላይ ሊከምረው ይችላል። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 እንዲጀምር ይደረግ። ሰዓቱን ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ባክአፑ ማታ 2 ሰዓት እንዲሠራ ከተፈለገ ሰርቨሩ ላይ የሚጻፈው 20:00 ነው። 2:00 ብሎ የጻፈ ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አደረገው ማለት ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ ሰርቨሩን የሚያጠፋ ካለ ባክአፑ አንድም ቀን ሳይሠራ ዓመት ያልፋል፣ ዲስኩም ሲሞት ነው የሚታወቀው።

ለዚህ ሁለት የውጭ ዲስክ ያስፈልጋል። አንዱ ሰርቨሩ ላይ ሲሰካ ሌላው ቤት፣ እማዬ ሣጥን ውስጥ ይደር፤ በየቅዳሜው ይቀያየሩ። ሁለቱም እንደተሰኩ ከዋሉ ቫይረሱም መብረቁም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያገኛቸው። በየሦስት ወሩ ከዲስኩ ላይ መልሶ በሌላ ኮምፒውተር መክፈት ግድ ነው። የአንድ ደንበኛ ዕዳ ተፈልጎ ይታይ፤ ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ደህና ነው።

ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሳትዘል አንብብላቸው።

አባባ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ስም ይግባ። ባንኮኒ ላይ ያለው ይሽጥ እንጂ ደረሰኝ መሰረዝ አይቻለው፤ ስህተት ከሆነ ተመላሽ ተብሎ ይመዝገብ፣ የማን እጅ እንደሆነም ይታይ። ሁሉን የሚያዝዘውን ፓስወርድ ግን ፕሮፎርማው «ሻጩ ይይዘዋል» ይላል። አይሆንም። የሱቁ ቁልፍ ነው። ሁለት ወረቀት ላይ ይጻፍና በሁለት ፖስታ ይታሸግ።

ቁልፍ ካልኩ አይቀር ልናገረው። ሰማያዊውን መዝገብ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። በ1996 መስከረም ቁልፉን ከመዳፌ ወስደው «ልጅቷ ነገ የሰው ቤት ናት» አሉ። ሚስማር የሚያስመዝኑ ሰዎች ቆመው እየሰሙ ነበር። ወንድሜ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር፣ ጥፋት የለበትም፤ ሱቁንም በደህና ይዞታል። ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ አያልቅም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ግን ባሕር ዳር ስመጣ አሁንም ከባንኮኒው ወዲህ፣ ከደንበኛው ጋር ቆሜ ነው የማናግርዎ። አንድ ቀን እንኳ ግቢ አላሉኝም። ባዕድ ነጋዴዎች የሰርቨራቸውን ፓስወርድ ይሰጡኛል።

ሱቁን አልጠየቅሁም። አንደኛው ፖስታ የወንድሜ ነው፣ ተገቢም ነው። ሁለተኛው ላይ የማንን ስም እንደሚጽፉ እርስዎ ይወስኑ፤ ግን ዓይንዎ እያየ፣ በገዛ እጅዎ ይጻፉት።

የግራው ሞራ እንዳልሆነ እማዬ ነግራኛለች። ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም፣ የዕድሜ ልክ ነው። እጅዎን ታጥበው፣ አንድ ጠብታ ጨምረው፣ ዓይንዎን ከድነው ከአፍንጫው በኩል ያለውን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣትዎ ጫን ያድርጉት። የሁለት ዓይነት ጠብታ ከሆነ በመካከሉ 5 ደቂቃ ይቆዩ። የቀኙን እንዳያሹት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅዱም ጎንበስ ብለው ዕቃ እንዳያነሡ። የሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ ሊያነሡ ሲሉ እማዬ እንደያዘችዎ ሰምቼ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሁለቱን ዲስክ በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ፤ ሐሙስ ይደርሳል። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ባዶ ፖስታና አንድ ወፍራም ጥቁር እስክርብቶ አለ። ዓርብ ጠዋት፣ ሻጩ ሳይመጣ እደውላለሁ።

ልጅዎ