ፎርማት ከማድረግሽ በፊት

ልጄ፣

ትናንት ወንድምሽ ደውሎ አዲስ ኮምፒውተር መግዛትሽን ሲነግረኝ እሰይ አልኩ። ወዲያው ግን «አሮጌውን በዚህ ሳምንት ፎርማት አድርጋ ለጓደኛዋ ልትሰጠው ነው» ሲለኝ ደስታዬ ጠፋ። ኢሜይሏስ ብዬ ብጠይቀው «ፓስዎርዷን ስታስገባ አዲሱ ላይ ይመጣላታል» አለኝ። ሁሉም አይመጣም የኔ ዓለም። አሮጌውን እንዳትነኪው።

አሁን የምትጠቀሚበት አድራሻ አይማፕ በሚባለው መንገድ ስለሚሠራ መልእክቶቹ ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም ኢሜይሉን በሚሰጠው ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ናቸው፤ የትም ብትከፍቺው ታገኛቸዋለሽ። እናትሽ ትጽፍልሽ የነበረው የድሮው አድራሻሽ ግን ፖፕ በሚባለው ሌላ መንገድ ነበር የሚሠራው። ፖፕ መልእክቱን ኮምፒውተርሽ ላይ ያወርድና፣ ሰርቨሩ ላይ ይቆይ ካላልሽው በቀር፣ ከዚያ ያጠፋዋል። አገልግሎቱን ይሰጥ የነበረው ድርጅትም ከተዘጋ ቆየ። እንግዲህ እናትሽ የጻፈችልሽ ሁሉ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ልትሰጪው ባሰብሽው ኮምፒውተር ውስጥ።

ለእኔ የጻፈችው የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ባሕር ማዶ ትምህርት ላይ ሳለች ማታ ማታ በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ ትጽፍልኝ ነበር፤ እኔም ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት አነበው ነበር። በኋላ መሥሪያ ቤቱ የኢሜይል ሲስተሙን ቀየረ። ማንም ሳይነግረን አንድ ቀን ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ተከፈተ። ጠይቄ፣ ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ አንዲት መስመር እንኳ አልተገኘችም። ያኔ እሷ በሕይወት ስለነበረች «ምን ታደርገዋለህ፣ እኔው እነግርሃለሁ» ብላ አጽናናችኝ። አሁን ማን ይነግረኛል? የጻፈችውን ሳስብ ነገሩ ይመጣልኛል፣ አነጋገሯ ግን እየራቀኝ ነው። ይሄ አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

በይ አሁን ሥራሽን ጀምሪ። ቻርጀሩን ሰኪ። ኢሜይልሽን የምታነቢበትን ፕሮግራም፣ ተንደርበርድን፣ ከፍተሽ ሄልፕ ውስጥ ግቢና የትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ገጹን አምጪው፤ እዚያ ላይ ፕሮፋይል ፎልደር የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ ያለውን ስትጫኚ ፎልደሩ ይከፈትልሻል። ከዚያ ተንደርበርድን ሙሉ በሙሉ ዝጊው፤ ተከፍቶ ሳለ ኮፒ ከተደረገ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ። ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ውሰጂው። ይሄ ያስፈልገኛል፣ ያ አያስፈልገኝም ብለሽ እንዳትመርጪ። መልእክቱም፣ የአድራሻ መዝገቡም፣ ማጣሪያዎቹም፣ ፓስዎርዶቹም፣ ሴቲንጉም እዚያው ነው ያለው። ፓስዎርዶቹ ብቻቸውን እንኳ በሁለት ፋይል የተከፈሉ ናቸው፤ አንዱ ከቀረ ሌላው አይሠራም።

ተንደርበርድ ውስጥ ያለውን ኤክስፖርት የሚለውን ትተሽ በእጅሽ ኮፒ አድርጊ፤ ፕሮፋይሉ ከ2 ጊጋባይት ሲያልፍ ኤክስፖርቱ እምቢ ይላል። ፍላሽሽ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው ዓይነት ከሆነም ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ተንደርበርድ ደግሞ አንድ የመልእክት ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ፋይል ነው የሚያጭቀው፤ የአንቺ ኢንቦክስ ምን ያህል እንደሆነ እኔ አላጣሁትም። ፍላሹን ባዶ ሳለ ይህ ገደብ ወደሌለበት ዓይነት፣ ወደ ኤክስፋት፣ ቀይሪው። አደራ፣ ፎርማት የሚደረገው ፍላሹ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንዳትነኪው።

አዲሱ ላይ ተንደርበርድን ስትጭኚ ከአሮጌው ያነሰ ቨርዥን አይሁን። አንዴ ክፈቺው፣ ዝጊው፣ በዚያው መንገድ የአዲሱን ፕሮፋይል ፎልደር አግኝተሽ በውስጡ ያለውን በአሮጌው ተኪው። ሲከፈት የድሮው አድራሻ ሰርቨሩን አጥቶ ስህተት ስህተት ይልሻል። ተናደሽ አካውንቱን እንዳትሰርዢው፤ መልእክቶቹም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። መጀመሪያ የእናትሽን መልእክቶች ሎካል ፎልደርስ በሚለው፣ ከየትኛውም አካውንት ውጭ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ በሚቀመጠው ውስጥ አዲስ ፎልደር ከፍተሽ ኮፒ አድርጊያቸው።

ከዚያ ፈልጊያት። እናትሽ የርዕሱን ቦታ ባዶ ነበር የምትተወው፤ አማርኛውንም የፈረንጅ ፊደል ባለው ማሽን እንደመጣላት ነው የምትጽፈው፣ አንዱን ቃል ዛሬ በአንድ መልክ ነገ በሌላ። ስለዚህ በቃል አትፈልጊ፣ በላኪ ፈልጊ። ዝርዝሩ መጣ ብለሽም አትመኚ። የመጀመሪያውን፣ የመሐሉን፣ የመጨረሻውን ከፍተሽ አንብቢ፤ የላከችልሽን ፎቶዎችም ክፈቺ። ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አስተያዪ።

ችኩል እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ልጅ ሆነሽም የጫማሽን ክር ሳታስሪ ነበር የምትሮጪው። በዚህ ነገር ግን አልለቅሽም። አዲሱ ላይ በዓይንሽ አይተሽ ለእኔ ሳትደውዪ አሮጌው አይደመሰስም። ጓደኛሽን ትንሽ ታገሺ በያት፤ ካስፈለገ እኔው እነግራታለሁ። ስትሰጫትም ፋይል በመሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ሪሴት ስታደርጊ ዳታውን አብሮ የሚያጸዳውን ምረጪ።

ፍላሹን ግን ለሌላ ነገር እንዳትጠቀሚበት። ወንድምሽ ወደ እኔ ሲመጣ ስጪው፣ የእናትሽን ፎልደር ገልብጬ እመልስልሻለሁ።

አባትሽ