ታዳጊ ሯጮችን በስልክ ስለ መቅረጽ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በድሬዳዋ ታዳጊ ሯጮችን ከሚያሠለጥኑ ሰዎች አንዱ ነኝ። የልጆችን አሯሯጥ በስማርት ስልክ ቀርጾ መመርመር በየሜዳው እየተለመደ መምጣቱ ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ያልተቀረጸ ቪዲዮ ልጅን እስከ መጉዳት ሊደርስ እንደሚችል ከራሴ ጥፋት ስለ ተማርኩ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አንዲት የ16 ዓመት ሯጭ ነበረችኝ። ከጎኗ ሳይሆን ከፊቷ ገደድ ብዬ ቆሜ፣ ስልኩን በእጄ እንደ ያዝኩ ቀረጽኳት። ምስሉን አቁሜ ሳየው በተረከዟ የምታርፍ ስለ መሰለኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጣቶቿ በኩል እንድታርፍ አዘዝኳት። ታዛዥ ልጅ ነበረችና ያልኳትን አደረገች፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ባቷና የተረከዟ ጅማት ታምሞ እያነከሰች መጣች። እንዲህ ያለው ለውጥ ጫናውን ወደ ባትና ወደ ተረከዝ ጅማት እንደሚያዞርና በብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ካልተለመደ ጅማቱን እንደሚያሳምም የተረዳሁት ከዚያ ወዲያ ነው።

ጥፋቴ የጀመረው ከአቀራረጹ ነው። ስልክ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 30 ምስል ያነሣል፤ የሯጭ እግር ደግሞ መሬት ነክቶ እስኪነሣ ሩብ ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ብቻ ስለሚቆይ፣ በእጃችን የሚገባው ሰባት ያህል ምስል ነው፤ እግሩ መሬት የነካበት ቅጽበት ከሁለት ምስሎች መካከል ሊያመልጠን ይችላል። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣው ስሎው ሞሽን ግን በዚያው ሩብ ሰከንድ 60 ምስል ይሰጠናል። ስልኩም በሯጩ ዳሌ ቁመት ልክ፣ ከሩጫው መስመር ትክክል ጎን፣ ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት፤ ገደድ ብሎ የተነሣ ምስል የጉልበትን መታጠፍ አሳስቶ ያሳያል። የከተማችን ሙቀት ልምምዱን ገና ሳይነጋ እንድንጀምር ያስገድደናል፤ ስሎው ሞሽን ግን በቂ ብርሃን ካላገኘ ምስሉ ስለሚጨልም፣ እኔ የምቀርጸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ለፀሐይ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አልቀርጽም፤ አሸዋው ከእግር ሥር ስለሚሸሽ የልጁን እውነተኛ እርምጃ አያሳይም።

ምስሉ ሲገኝ መጀመሪያ የማየው ተረከዙን ሳይሆን፣ እግሩ መሬት በነካበት ቅጽበት ከዳሌው ምን ያህል ርቆ እንዳረፈና ጉልበቱ ተገትሮ እንደ ሆነ ነው። እግሩ ርቆ፣ ጉልበቱም ተገትሮ ካረፈ፣ ሯጩ በየእርምጃው ራሱን ፍሬን እየያዘ ነው ማለት ነው። ያቺ ልጅ ከሕመሟ ስትመለስ በደቂቃ 160 ጊዜ ትረግጥ ስለ ነበር፣ ፍጥነቷን ሳትቀይር ወደ 168 እንድታደርሰው ብቻ ጠየቅኳት። እርምጃዋ በራሱ አጠረ፤ እግሯም ወደ ዳሌዋ ተጠግቶ ማረፍ ጀመረ። ስለ ተረከዟ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

የዝነኛ ሯጭ ቪዲዮ ከልጁ ቪዲዮ ጎን አስቀምጠው «እንደዚህ ሩጥ» የሚሉ ባልደረቦቼ በእጅጉ ያሳስቡኛል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የለመደውን የግራ እጁን አጠፍ ያለ አያያዝ ሳይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝቷል። ስለዚህ ልጁን ማነጻጸር የሚገባን ከወር በፊት በዚያው ቦታና በዚያው ፍጥነት ከተቀረጸው ከራሱ ቪዲዮ ጋር ነው።

የከተማችን የስፖርት ኃላፊዎች ለአሠልጣኞች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገኝበት የአንድ ቀን ሥልጠና በሜዳ ላይ እንዲያዘጋጁልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሌላ መሣሪያ አያስፈልገንም፤ ስልኩ በየኪሳችን አለ።

አንድ የታዳጊ ሯጮች አሠልጣኝ
ከድሬዳዋ