ዲዲ ለምን በዴልሂ ትዙር?

ለኔፓል የሠራተኛ፣ የሥራ ስምሪትና የማኅበራዊ ዋስትና ሚኒስቴር
ካትማንዱ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ?

የምጽፈው ሴቶቻችሁ ለቤት ሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንዳይሄዱ ስለጣላችሁት እገዳ ነው። አማርኛ እንደማታነቡ አውቃለሁ። ይህን የሚያነቡት ኩዌት፣ ዶሃና ቤይሩት ከእናንተ ልጆች ጋር አንድ ማድ ቤት የሠሩ ሐበሾች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ለኔፓላዊት ጓደኛዋ በዚያ በሰባራው አረብኛችን ብታስረዳልኝ ይበቃኛል።

ኩዌት ውስጥ ከሲንዱፓልቾክ፣ ከኔፓል አንድ አውራጃ፣ ከመጣች ሴት ጋር አንድ ቤት ሠርቻለሁ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «ዲዲ» እላታለሁ። በቋንቋችሁ ታላቅ እህት ማለት ነው። እሷም «ባሂኒ» ትለኛለች፤ ታናሼ እንደማለት። የምንተኛው ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበት ክፍል ውስጥ ነበር።

አንድ መስከረም ላይ ዲዲ ከማዳም የአበባ ማሰሮ አፈር ቆነጠረች። ለእርግቦቹ ከሚገዛው እህል ገብስ ለቀመች። በእርጎ ዕቃ ውስጥ ዘራችና ማሽኑ ጀርባ፣ ጨለማው ውስጥ ደበቀችው። እኔ እውነቴን ነው፣ ናፍቆት አእምሮዋን የነካው መስሎኝ ነበር። ገብሱ ግን በቀለ፤ ብርሃን ስላላየ ቢጫ ሆኖ። ጀማራ ይሉታል፣ የዳሳይን፣ የኔፓል ሂንዱዎች ትልቁ በዓል፣ ቡቃያ ነው። በአሥረኛው ቀን ሩዝ በእርጎና በቀይ ዱቄት ለወሰች። ይህ ቲካ የሚባለው ነው፤ ግንባር ላይ የሚለጥፈው ታላቅ ነው። እናቷ በስልክ ውስጥ ሆነው እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘረጉ፤ ዲዲም ራሷ ለራሷ ለጠፈች። ከዚያ ዞር ብላ ለእኔ ለጠፈችልኝ፤ እኔ ታናሿ አይደለሁ? መስቀል ካለፈ ሦስተኛ ቀን ነበር። ለእኔ ዓመቱ 2010 ነው፣ ለእሷ 2074፣ ለማዳም 2017። በአንድ ቤት ሦስት ዘመን!

ዲዲን ያሰደዳት ቤት ነው። በ2015ቱ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የመሬት መንቀጥቀጥ የድንጋይና የጭቃ ቤቷ ፈረሰ። መንግሥታችሁ ለመልሶ ግንባታ በሦስት ዙር 300,000 ሩፒ ሰጣት። ያልሰጠ አይባልም። ግን ጣሪያው ላይ ሳይደርስ አለቀ፣ ተበደረች። ብድሩ ደግሞ ወለድ አለው።

ልትሄድ ስትነሳ በሩ ተዘጋ። በ2017 የፓርላማችሁ ኮሚቴ ሴቶች ለቤት ሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንዳይሄዱ አሳገደ። ከዚያ በፊት፣ በ2012፣ ከሠላሳ ዓመት በታች ያሉትን አግዳችሁ ነበር። ዲዲ ምን አደረገች? ሕንድ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ አውቶብስ ተሳፍራ ዴልሂ ገባች፣ የቀረውን ደላላው ጨረሰው።

በእናንተ ልፈርድ አይደለም። የእኛም መንግሥት በ2013 አግዶ እስከ 2018 አልከፈተም። እኔም በዚያ መሀል በካርቱም በኩል ነው የወጣሁት። ታዲያ ማን ቀረ? የደላላው ዋጋ ጨመረ እንጂ።

በ2020 እገዳው በቅድመ ሁኔታ ይላላ ተብሎ ነበር። ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ከተቀባይ አገር ጋር ስምምነት መኖሩ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ስምምነት የሚፈርመው መንግሥት እንጂ ዲዲ አይደለችም። የእናንተ የቤት ሥራ ሳይሠራ እሷ ለምን ትቀጣ?

ቅጣቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። የሥራ ፈቃድ የያዘ ሰው ኢንሹራንስ አለው፤ ክፉ ነገር ቢደርስበት ቤተሰቡ ካሳ ይጠይቃል። በዴልሂ የዞረችው ይህ የላትም። ካትማንዱ፣ ትሪቡቫን አየር ማረፊያ የሚደርሰውን የስደተኛ ሠራተኞች የሬሳ ሣጥን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ከውጭ የሚላከው ገንዘብም ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሩብ ገደማ ነው። ዲዲ የላከችው ብር በባንክ፣ በዋናው በር ሲገባ «በየት ወጣሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። መሄድ የቆረጠችውን በካትማንዱ፣ በውልና በፈቃድ አስወጧት፤ ስምምነቱንም ቶሎ ጨርሱ። ያለ ፈቃድ ወጥተው አሁን በሥራ ላይ ላሉት ደግሞ ለዕረፍት ገብተው ያለ ስጋት የሚመለሱበትን ወረቀት ስጧቸው።

ሁለተኛውን የምለው በምክንያት ነው። ዲዲ ቤቷን ጨርሳለች። ባለ አንድ ፎቅ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የብሎኬት ቤት ነው። ያየችው ግን በስልክ ብቻ ነው፤ ከገባሁ መልሰው አያስወጡኝም ብላ ትፈራለች። እናቷ ብቻቸውን ምድር ቤት ይኖራሉ። ፎቁን ምን አደረጉት ብዬ ብጠይቃት ሳቀች። በቆሎ ያሰጡበታል አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባሂኒ፣ ከአዲስ አበባ