ጉማሬ ብርቄ ነው እንዴ?

እታለም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የቀረውን ሰላምታ ሌላ ቀን እናረዝመዋለን። ማታ የላክሽውን ድምፅ ሰማሁት። «ለሚጡ ሰርግ የለኝም ይላል፣ ጀልባ ላይ መነጽር ሰክቶ ይንፈላሰሳል» ያልሽውን። ከኋላሽ እማዬ ስትስል ይሰማል። ሳል ነው ወይስ እየሳቀችብኝ ነው? ሳል ከሆነ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ውሰጂያት፤ «ብርድ ነው፣ በዳማከሴ ይለቀኛል» ብትልሽ እሺ እንዳትያት።

መነጽሩ የኔ አይደለም። የእንግዶቹ ነው። ከአሜሪካ የመጡ ሐበሻ ባልና ሚስት ናቸው፣ እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር፣ የምሠራበት ምግብ ቤት ሲበሉ ነው የተዋወቅነው። አብሬያቸው የዞርኩት ተከፍሎኝ ነው። ዕቃ ተሸክሜ፣ ዋጋ ተከራክሬ፣ ሻይ አፍልቼ።

የሄድነው መርቺሰን ፏፏቴ ነው። የዩጋንዳ ትልቁ ፓርክ ነው፣ ከካምፓላ ወደ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ጫካው ውስጥ የቆላ ዝንብ መኪናው ውስጥ ገብቶ ጨረሰን። በልብስ ላይ ነው የሚነድፈው እኮ! ሰማያዊና ጥቁር ይወዳል አሉ፤ እኔ ደግሞ ስወጣ የሰጠሽኝን ያቺን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ፎቶው ላይ መነጽሩን ብቻ ነው ያየሽው? ዝሆኖች መንገዱን ዘግተው ሲያስቆሙን፣ ሾፌሩ መኪናውን አጥፍቶ ዝም አለ። እኛም ዝም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ፈርቻለሁ።

ጀልባው ፓራ ከሚባል ቦታ ተነስቶ ወንዙን ሽቅብ ይወጣል። ነጭ ዓባይ ነው። ጉማሬው ለጉድ ነው፣ እንግዶቹ አንዱ ብቅ ባለ ቁጥር ይጮሃሉ። ጣና ዳር ላደገ ሰው ጉማሬ ብርቅ ነው እንዴ? አዞው ግን አፉን በልቅጦ አሸዋው ላይ ተዘርግቷል፤ ሙቀቱን ለማብረድ ነው አሉን። መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ ውሃ 7 ሜትር ገደማ በሆነች የአለት ስንጥቅ ተጨናንቆ ይወርዳል። ነጭ አረፋው ጀልባችን ድረስ ይመጣል። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በመስከረም ጢስ ዓባይ የወሰደን ቀን ትዝ አለኝ። ሚጡ ትከሻው ላይ ሆና ጭጋጉን ፈርታ ያለቀሰችው። እንግዶቹ ፎቶ አንሳን ሲሉኝ አልሰማኋቸውም። ውሃው እንኳ ሄዶ ሄዶ ካርቱም ላይ ከኛው ዓባይ ይገናኛል፣ ፓስፖርት የሚጠይቀው የለ።

ሞተሩም የኪራይ ነው። ቦዳ ቦዳ ይሉታል እዚህ፤ ማታ ማታ ምግብ አደርስበታለሁ። እግሬ ላይ ያየሽው ጠባሳ የጭስ ማውጫው ነው፣ ካምፓላ ውስጥ በሱ ያልተቃጠለ የለም። ለእማዬ አትንገሪ። ደግሞ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።

ስለ ሚጡ ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ። ልጁ ባጃጅ አለው፣ ጨዋ ነው አላችሁኝ። እሺ፣ እናንተ ካያችሁት ይበቃል። ሽማግሌ ሲመጣ ግን አንድ ሰው ቢደውልልኝ ምን ነበረበት? አባዬ ከሌለ ታላቅ ወንድሟ እኔ አይደለሁ? ገንዘብ ሲፈለግ ስልኩ ይሠራል። ኧረ ተይው፣ ይህን አታንቢላት፣ ሰርጓ ነው። ጥፍሯን እየበላች እንዳትገባ ብቻ ጠብቂያት፤ ስትጨነቅ አመሏ ነው። የመልሱ ቀን በቪዲዮ ደውሉልኝ፣ ካሜራውን እማዬ ላይ አድርጉት፣ ሙሽሮቹንማ ሁሉም ይቀርጻቸዋል።

ገንዘቡን ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ፣ ያው የእንግዶቹ ነው። ለበሬ አይበቃም፤ ለማሩና ለጌሾው ይሆናል። የጎደለውን ከሰርጉ በፊት እልካለሁ፣ ከማንም አትበደሩ። ቁጥሩ ቴሌግራምሽ ላይ ነው። ባንክ ስትሄጂ መታወቂያሽን ያዢ፣ ባለፈው ያንን ሁሉ ሰዓት ተሰልፈሽ ባዶ እጅሽን ተመልሰሻል።

ወንድምሽ