ማሽላ ውስጥ የከረመው መዝገብ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 70 ሞልቷል። ጋዜጣችሁን ባነብም ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የተወለድኩት ምዕራብ ወለጋ ነው። ያደግኩባት የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምዕመናን 75 ዓመት ሞላት። አገር ቤት ሄዶ ማክበሩ ለብዙዎቻችን ስላልተመቸ፣ አዲስ አበባ ያለነው ተወላጆች ባለፈው እሑድ እዚሁ አዳራሽ ለምነን አከበርን። መዘምራን ዘመሩ፣ ቄሱ ሰበኩ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። ለ30 ዓመት ያልተያዩ ሰዎች አንገት ለአንገት ተቃቀፉ። ያን ቀን ላዘጋጁልን የኮሚቴው አባላት እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የምጽፈው ግን ቅር ያለኝ ነገር ስላለ ነው። በዕለቱ አንድ መጽሔት ታደለ። የመሪዎች ፎቶ አለ፣ የግንባታ ፎቶ አለ፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት አለ። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን የተዘጋችባቸው ዓመታት ግን በሁለት መስመር ታለፉ። መከራ እንደነበረና እግዚአብሔር እንደጠበቀን ይላል። በቃ። የማኅበረ ምዕመናኗን የጥምቀት መዝገብ በነዚያ ዓመታት ደብቀው ያቆዩልን እናት እኮ አዳራሹ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር! 86 ዓመታቸው ነው። ማንም ስማቸውን አልጠራም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በዚያች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። መካነ ኢየሱስ «የሚሥራች ድምፅ» በሚባለው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየገጠሩ ትምህርት ቤት የምትከፍትበት ጊዜ ነበር። 1956 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሳር ክዳን ያለው ዳስ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠን ሀ ሁ አልን። ትምህርቱ በአማርኛ ነው። እኔ ደግሞ አማርኛ አልሰማም ነበር፤ ፊደሉን እንደ ዜማ ነው የያዝኩት።

ቤታችን ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ነበር። አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ከቆጡ ላይ ያስቀምጠዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ የታተመ ሲሆን የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። አንድ ማታ አባቴ አውርዶ ከፈተልኝ። ጣቴን እያስኬድኩ አንዷን ቃል ገጣጠምኩ። ከዚያ ሁለተኛዋን። ለካስ የማነበው እናቴ የምትናገረውን ቋንቋ ነው! እናቴ ገንፎ እያገላበጠች ነበር። ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «ድገመው» አለችኝ። ገንፎው አረረ። 40 ዓመት ያህል ሳስተምር የተማሪ ዓይን ሲበራ ባየሁ ቁጥር ያቺ ማታ ትመጣብኛለች።

መጽሔቱ የኦነሲሞስን ፎቶ በሙሉ ገጽ አውጥቷል። ይገባቸዋል፤ ያንሳቸዋል እንጂ አይበዛባቸውም። በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ ሰው ናቸው፤ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥተው ተማሩ፤ ተመልሰው ነቀምት አስተማሩ። ግን አስቴር ጋኖ የት አለች? እሷም ከባርነት የተረፈች ናት። የተርጓሚው ቀኝ እጅ ነበረች፤ ቃላት ሰብስባለች፣ ተረትና ምሳሌ ጽፋለች። በመጽሔቱ ውስጥ ስሟ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ሴቶቻችንን የምንረሳው ዛሬ አይደለም ማለቴ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ።

ወጣት ለሆኑ አንባቢዎቻችሁ ዘመኑን ላስታውስ። የወለጋው ቦጂ ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ወለጋ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት በየተራ ተዘጉ። የእኛዋ ቁልፍ የተወሰደው በ1974 ነው። ወንበሮቹ ወጡ፤ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆነ። ቄሳችን ታሰሩ።

ከመዘጋቷ አንድ ቀን በፊት አንድ ሽማግሌ የጥምቀቱን መዝገብ ይዘው ወደኝህ እናት ቤት መጡ። ያኔ እሳቸው አራት ልጆች ያሏቸው ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ሞቷል። መዝገቡን በላስቲክ፣ ከዚያ በፍየል ቆዳ ጠቀለሉት። ከጎተራቸው ታች አስቀምጠው ማሽላ ደፉበት። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆየ። ማሽላው ሲያልቅ ሌላ ይደፋበታል። በችግሩ ጊዜ እንኳ ጎተራውን እስከ ታች አላሟጠጡትም። ልጆቻቸው ለምን እንደሆነ አያውቁም ነበር።

ሁለት ጊዜ ተፈትሸዋል። አንዱ ታጣቂ እንጨት ጎተራው ውስጥ ከትቶ ወጋ ወጋ አደረገ። እሳቸው ጀበናውን ጥደው «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» አሏቸው። ጠጥተው ሄዱ።

እንዲህ ነው የኖርነው። በቡና ስም ሦስት አራት ቤተሰብ ይሰበሰባል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ልጆቹ የሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም (የእምነት ማስተማሪያውን) የተማሩት ከኝህ ሴት እግር ሥር እህል እየለቀሙ ነው። አሥርቱ ትእዛዛት፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ አባታችን ሆይ፤ ሁሉም በቃል። ቄስ ስላልነበረ ሕፃናቱን ሽማግሌዎች አጠመቁ። ስማቸውና ቀናቸው በደብተር ቅዳጅ ላይ ተጽፎ ለወላጅ ይሰጣል፤ መዝገቡ እስኪወጣ ድረስ።

መዝገቡ በ1983 ወጣ። ባለፈው ማክሰኞ እጄ ላይ አድርጌ አየሁት። አንዱን ጠርዝ አይጥ በልቶታል። ሰማያዊው ቀለም ቢደበዝዝም ይነበባል። በገጾቹ መሃል እስካሁን የማሽላ ፍሬ አለ፤ አላራገፍኩትም። የራሴን ስም አገኘሁት፤ 1947 ዓ.ም.፣ የአባቴ ስም፣ የክርስትና አባቴ ስም።

የኝህ እናት ዓይን ስለደከመ እኔ አነበብኩላቸው። ከመዝገቡ በኋላ ቀስ በቀስ የተሰበሰቡትን ቅዳጆችም አነበብኩ። አንዱ ስም ላይ ስደርስ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ይሄ ልጅ ውሃው ሲነካው ጩኸቱን አቀለጠው። በመንገድ ሰው ያልፋል። ሙቀጫውን አንስቼ ቡና እንደሚወቅጥ ሰው ደበደብኩት፤ ባዶውን ነው ታዲያ፤ ቡናስ ከየት መጥቶ!» አሉኝ። ስማቸውን ጋዜጣ ላይ እንዳላወጣ ለምነውኛል። ይሁን ብያለሁ።

ኮሚቴውን የምጠይቀው መጽሔቱ ሁለተኛ ሲታተም የእነዚያን ዓመታት ታሪክ በደንብ እንዲጽፍ ነው። እሳቸውም እሺ ካሉ ስማቸው ይግባ፤ ካላሉም ታሪካቸው ይግባ። የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እያነሰ ነው። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትቋቋም ምዕመናኗ 20 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ በራሷ ቆጠራ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ተመሳሳይ ጎተራ፣ ተመሳሳይ ሙቀጫ የሚያስታውስ እናት ያለው ይኖራል። ዛሬውኑ ይጠይቃት፤ ስልኩ ላይ ይቅረጻት።

ለአገሬ ልጆችም አንድ ልመና አለኝ። ከ1974 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በየቤቱ የተጠመቃችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ የተጠመቁ፣ ያ የደብተር ቅዳጅ እናታችሁ ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል። ፈልጉትና ለኮሚቴው አምጡ። መዝገቡ ላይ ለስማችሁ ባዶ ገጽ ተትቷል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ መምህር፣ አዲስ አበባ