አባዬ፣ ቤቱ አይሸጥ

ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህ እንዴት ነው? እማዬስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤውን የምታደርስልህ የአክስቴ ጎረቤት ናት። የግፊት መድኃኒትህንና አዲሱን መነጽርህንም ይዛለች። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል። ሲሰማህ ደግሞ "ቤቱ አለ፣ አታስቢ" ብለህ ወሬውን ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

አባዬ፣ ለእኔ ትምህርት ተብሎ ቤቱ አይሸጥ። ደላላውን አሰናብተው።

ሰንጋ ተራ ኮሜርስ አንድ ዓመት ተምሬ፣ እዚህ መጥቼ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስገባ ቅር እንዳለህ አውቃለሁ። "ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ኮሌጅ?" ብለህ ጠየቅከኝ። አንተ የተመረቅክበትን ግቢ ትቼ ወደ ታች የወረድኩ መሰለህ። እዚህ ግን የታወቀ መንገድ ነው። ሁለት ዓመት በቅናሽ ተምረህ፣ ያለፍካቸውን ኮርሶች ክሬዲት ይዘህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ታደርጋለህ። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የጨረስክበት ቦታ ስም ነው።

ቢዝነስ ግን የራሱ በር አለው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ቢቀበለኝም ስሚዝ የሚሉት የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ላይቀበለኝ ይችላል፤ ቦታው የተወሰነ ነው። ካልኩለስ፣ ስታትስቲክስ፣ ሁለት ኢኮኖሚክስና ሁለት አካውንቲንግ ቀድሞ በጥሩ ውጤት መጨረስ ያስፈልጋል። ከኮሜርስ ያመጣሁት ክሬዲት አብዛኛው አልተያዘልኝም። አካውንቲንግን ከሀ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ቲ ሣለ። የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት። አባዬ፣ እንባዬ መጣ። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ ሳሪስ ቤታችን፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ያሳየኸኝ ነው። ከድምሩ ሥር ሁለት መስመር ማስመር ግዴታ ነበር። አንዱ ከጎደለ ታስደግመኛለህ። እዚህም ፈተና ላይ ሁለት መስመር አሰምራለሁ። መምህሩ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። አባቴ ሒሳብ ሹም ነበር አልኩት።

ሥራውን ደግሞ ልንገርህ፣ ሁልጊዜ ስለምትጠይቀኝ። ኤፍ-1 የሚሉት የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። መሥራት የሚችለው ግቢ ውስጥ ነው፤ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም። እኔ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። እዚህ ክልል ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር ነው። 20 ሰዓቱን ሙሉ ብሠራ ግብር ሳይቆረጥ በሳምንት 300 ዶላር ይሆናል። "በኬሽ የሚከፍል ሥራ አለ" እያሉ ስንቴ ጠርተውኛል። አልሄድኩም። ለአንድ ወር ኪራይ ብዬ የቪዛ ስታተሴን ባጣ እናንተ የከፈላችሁት ሁሉ ገደል ይገባል።

መጋቢት ላይ ስሚዝ ተቀበለኝ። ደውዬ ስነግርህ ስልኩን ጥለህ እማዬን ስትጠራ ሰምቻለሁ። ለዕድር ሰዎች ሁሉ እንደነገርክም ሰምቻለሁ። እኔም ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እዚያ ግቢ፣ ከትልቁ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ቴስቱዶ የሚሉት የነሐስ ኤሊ አለ። ተማሪው ዕድል ይቀናኛል እያለ አፍንጫውን ነክቶ ያልፋል። ከመነካት ብዛት አፍንጫው ብቻ ወርቅ መስሎ ያበራል። ማመልከቻዬን ያስገባሁ ሰሞን ሄጄ ነክቼው ነበር። በጣም ፈልጌው ነበር፣ አልዋሽህም።

ከዚያ የወጪው ወረቀት መጣ። አዲሱ ትምህርት ቤት አይ-20 የሚሉትን የተማሪ ቪዛ ወረቀት እንዲሰጠኝ የአንድ ዓመት ወጪዬን የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ወረቀት ማሳየት አለብኝ። ትምህርቱ፣ መኖሪያው፣ ምግቡና ኢንሹራንሱ ተደምሮ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር ይበልጣል። የፌዴራሉ መንግሥት እርዳታ ለእኛ ለውጭ ተማሪዎች አይሰጥም።

አንተ ቁጥር ይገባሃል። በጥር 2015 ስመጣ ዶላር 53 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው፤ ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ዛሬ 130 አካባቢ ነው። 60 ሺህ ዶላር ያኔ 3 ሚሊዮን 180 ሺህ ብር ነበር። ዛሬ 7 ሚሊዮን 800 ሺህ ሆኗል። የሚከፈለው ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። የባንክ ደብተርህ ላይ ያለውን ብር ማንም አልነካውም። በዶላር ሲሰላ ግን ከግማሽ በታች ሆነ።

ከቁጥሩ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ በአካውንቲንግ ዲግሪ የምሠራበት ፈቃድ፣ ኦፒቲ የሚሉት፣ 12 ወር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የቀጠረኝ ድርጅት ኤች-1ቢ ለሚሉት የሥራ ቪዛ ካላመለከተልኝ፣ አመልክቶም ዕጣ ካልወጣልኝ፣ እመለሳለሁ። ያኔ የት ነው የምገባው? እናንተስ በኪራይ ቤት፣ በየዓመቱ ዋጋ ጨምሩ እየተባላችሁ? በዕጣ ለሚወሰን ነገር የእናንተን ጣሪያ አላስይዝም።

ሞርጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎኛል። ባልቲሞር ነው፤ ከአክስቴ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ። እ.ኤ.አ. በ1867 የተመሠረተ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ በኧርል ግሬቭስ ስም ይጠራል። ሰውየው እዚያው ተምሮ ወጥቶ የታወቀ የጥቁሮች የንግድ መጽሔት ያቋቋመ ነው። ኤኤሲኤስቢ የሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ስሚዝም ሞርጋንም አላቸው። የትምህርት ክፍያዬን አብዛኛውን የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ሰጥተውኛል፤ ጂፒኤዬን ከጠበቅኩ በሁለተኛውም ዓመት ይቀጥላል። ለቀረው አክስቴ ስፖንሰር ሆና ፈርማለች። እኔም እዚያ ግቢ ሥራ እፈልጋለሁ።

ስሚዝ ብለህ ለጓደኞችህ ስትናገር ደረትህ እንዴት እንደሚነፋ አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር እጄን የያዘኝ እሱ ነው። አሁን ሞርጋን በላቸው። ልጄ ስኮላርሺፕ አግኝታ ገባች በላቸው፤ እውነት ነው።

አንድ ነገር ይቅር በለኝ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ የተማሪ ቪዛ ሪከርዴ ወደ ሞርጋን እንዲዛወር ጠይቄያለሁ። ብጠብቅህ ውሉን ትፈርማለህ ብዬ ፈራሁ።

ፖስታው ውስጥ 200 ዶላር አለ። ከደሞዜ ያጠራቀምኩት ነው። ክረምቱ ሳይገባ የሳሎኑን ጣሪያ አስጠግንበት፤ ባለፈው ዓመት እማዬ ባልዲ ስትደቅን ነው የከረመችው። ሒሳቡን የሠራሁበትን ወረቀትም አብሬ ልኬልሃለሁ። ግራው ስሚዝ፣ ቀኙ ሞርጋን ነው። ከሥር ሁለት መስመር አስምሬበታለሁ። በአዲሱ መነጽርህ ደምረህ እየው። ስህተት ካለው በቀይ ጻፍበትና ፎቶውን በቴሌግራም ላክልኝ።

ልጅህ